አውቶቡሱ ደቂቃውን የሚያጣው የት ነው?

እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ስለ አውቶቡስ ልትሰሙ መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ አንድ መስመር ነው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ከተራራው ማዶ፣ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ የፈጣን አውቶቡስ መስመር አለ። ዛሬ ጂ ላይን ይባላል። እስከ 2020 ድረስ ኦሬንጅ ላይን ነበር የሚባለው። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እንዳይምታታባችሁ። ፌርፋክስ አካባቢ የምትኖሩ ምናልባት ተሳፍራችሁበት አታውቁ ይሆናል። ሸለቆው ውስጥ የምትሠሩ ግን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ይህን መስመር የመረጥኩት በምክንያት ነው። በደንብ ታስቦ የተሠራ መስመር ነው። የራሱ መንገድ አለው። ሰው ወዶታል። ግን የሚገባውን ያህል አልፈጠነም። 20 ዓመት ካገለገለ በኋላ አሁን እየተሻሻለ ነው። ስለዚህ ምኑ እንደተሳካ፣ ምኑ እንደጎደለ፣ ጉድለቱን መሙላት ምን ያህል እንደሚከብድ በተግባር የታየበት ቦታ ነው። ቢአርቲ፣ ማለትም የራሱ መንገድ ያለው ፈጣን አውቶቡስ፣ ልሥራ ለሚል ከተማ፣ አዲስ አበባንም ጨምሮ፣ ብዙ ያስተምራል።

ሐሳቤን ከመነሻው ልንገራችሁ። የአውቶቡስ መስመር ይሻሻል ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው አዲስ አውቶቡስ ነው። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ጣቢያ፣ አዲስ ስም። እኔ ደግሞ የምለው፣ በቅድሚያ ተሳፋሪው ደቂቃውን የሚያጣው የት እንደሆነ ይታወቅ። ገንዘቡም መጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ ይዋል።

ታሪኩ ከባቡር ይጀምራል። አውቶቡሱ የሚሄድበት መንገድ ድሮ የሳዘርን ፓሲፊክ ባቡር ሐዲድ የነበረበት ነው። ዛሬ ሜትሮ ከሚባለው የካውንቲው የትራንስፖርት ድርጅት በፊት የነበረው መሥሪያ ቤት መሬቱን በ1991 ገዛው። ሐሳቡ ባቡር ማስገባት ነበር። በሐዲዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ግን አልፈለጉም። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በዚህ መስመር ላይ ከመሬት በታች ካልሆነ በስተቀር ባቡር እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1998 ደግሞ የካውንቲው መራጮች ከሽያጭ ግብር የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአዲስ የምድር ውስጥ ባቡር እንዳይውል ወሰኑ። እንግዲህ ባቡሩ ከላይ በሕግ ተከለከለ፣ ከታች በገንዘብ ተዘጋ። መሬቱ ግን ተገዝቶ ቁጭ ብሏል።

በዚህ መሀል የሎስ አንጀለስ ሹማምንት ወደ ብራዚል፣ ኩሪቲባ ሄዱ። ኩሪቲባ ከ1974 ጀምሮ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ያላት ከተማ ናት። አውቶቡስ እንደ ባቡር ሊሠራ እንደሚችል ለዓለም ያሳየችው እሷ ናት። ተመልሰው መጥተው «ይሄ ለእኛም ይሆናል» አሉ። ጥቅምት 29 ቀን 2005 መስመሩ ከሰሜን ሆሊውድ እስከ ዋርነር ሴንተር ተከፈተ፤ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2012 ወደ ሰሜን እስከ ቻትስወርዝ ሲቀጠል ወደ 29 ኪሎ ሜትር ደረሰ። 17 ጣቢያዎች አሉት።

ጥሩ የተሠራውን ጥሩ ማለት ያስፈልጋል። ትኬት የሚቆረጠው ፌርማታው ላይ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ አይደለም። ሰው በሁሉም በሮች ይገባል፣ በሁሉም ይወርዳል። አውቶቡሱ 18 ሜትር የሚረዝም፣ ሁለት ክፍሉ በመሀል የተያያዘ ነው፣ ወለሉም ዝቅ ያለ ነው። ሠርግ ቤት አስቡ። ምግቡ ሞልቷል፣ ወንበሩ ሞልቷል፣ እጅ ማስታጠቢያው ግን አንድ ከሆነ ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል። አንድ በር ያለውና ሾፌሩ ሒሳብ የሚቀበልበት አውቶቡስ እንደዚያ ነው። ኦሬንጅ ላይን ይህን ችግር ከመጀመሪያው ቀን ፈትቶታል። ከመንገዱ ጎን የብስክሌት መንገድም ተሠርቶለታል። ምሥራቃዊ ጫፉ ሰሜን ሆሊውድ ላይ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጋር ስለሚገናኝ፣ ከሸለቆው ተነስቶ መሀል ከተማ ለሚሄድ ሰው ጉዞው የተያያዘ ነው። ሕዝቡም መጣ። ለ2020 ይደርሳል ተብሎ የተገመተው የተሳፋሪ ቁጥር ገና በመጀመሪያው ዓመት ተደረሰበት።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? መስቀለኛ መንገዱ ነው።

መስመሩ የራሱ መንገድ አለው ብያለሁ። እውነት ነው፣ ግን ከ30 በላይ በሚሆኑ ቦታዎች ላይ ያ መንገድ የመኪና መንገድ ያቋርጣል። መኪናውን ለማስቆም የሚወርድ የማገጃ ክንድ አልነበረም። የነበረው ትራፊክ መብራት ብቻ ነው። መስመሩ በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ አውቶቡሶች ከመኪና ጋር ተጋጩ፣ ተሳፋሪዎችም ተጎዱ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቀይ መብራት ጥሶ የገባው መኪና ነበር።

ለምን እንደሚሆን አንድ ቦታ ላይ ቆመን እንየው። አንድ ሾፌር ከአውቶቡሱ መንገድ ጋር ጎን ለጎን በሚሄድ ጎዳና ላይ ነው። ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈልጋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ካልተከለከለ በቀር፣ በቀይ መብራትም ቆም ብሎ አይቶ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይቻላል። እጁ ለምዶታል። እዚህ ቦታ ላይ «አትታጠፍ» የሚል ምልክት ተሰቅሏል፤ ዓይኑ ግን የሚያየው ከግራ የሚመጣውን መኪና ነው። ከኋላው በቀኙ በኩል፣ ከዛፎቹ ጀርባ፣ 18 ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ በ55 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየመጣ መሆኑ በሐሳቡም የለ። ባቡር ቢሆን ደወሉ ይጮህ ነበር፣ ክንዱ ይወርድ ነበር። አውቶቡስ ሲሆን ግን ምንም የለም።

የተወሰደው መፍትሔ አውቶቡሱን ማዘግየት ነበር። ሾፌሮች መስቀለኛው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር እንዲያወርዱ ታዘዙ። የሰው ሕይወት ነውና ውሳኔውን አልነቅፍም። ግን ሒሳቡን እናስላው። ከ55 ወደ 16 ለመውረድ፣ በዚያ ፍጥነት መንገዱን ለማቋረጥ፣ ከዚያ መልሶ ለመፍጠን፣ ሳይዘገይ ቢያልፍ ኖሮ ከሚወስድበት ጋር ሲነጻጸር በእኔ ስሌት አንድ መስቀለኛ ላይ 15 ሰከንድ ገደማ ይጠፋል። በ30 መስቀለኛ አባዙት፤ ሰባት ደቂቃ ተኩል። ይህ እንግዲህ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ነው! ቀይ ከያዘው አንዱ ብቻ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ደቂቃ ሙሉ ይበላል። ለዚህ ነው የራሱ መንገድ ያለው አውቶቡስ 29 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅበት።

«ሰባት ደቂቃ ምን አላት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ አላት። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መስመር ይሁን። በየስድስት ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ለማቅረብ 20 አውቶቡስና ለእያንዳንዱ ሾፌር ያስፈልጋል። አሁን በመሄጃውም በመመለሻውም የሚጠፋውን ከቀይ መብራቱ ጋር ደምራችሁ ደርሶ መልሱን በ20 ደቂቃ አሳጥሩት። እነዚያው 20 አውቶቡሶች፣ እነዚያው ሾፌሮች፣ በየአምስት ደቂቃው ይመጣሉ። አንድ አውቶቡስ አልተገዛም፣ አንድ ሾፌር አልተቀጠረም፣ አገልግሎቱ ግን ጨመረ። ፍጥነት ማለት በጀት ነው። ይህን የከተማ ሹም ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ።

ሌላም አለ። መብራት አንዱን አውቶቡስ ሲይዘውና ሌላውን ሲለቀው ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። የዘገየው ሲደርስ ፌርማታው ላይ ብዙ ሰው ተከማችቶ ይጠብቀዋል። ያንን ሁሉ ሲጭን የባሰ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ የሚጭነው ሰው ስላነሰ ይደርስበታል። በመጨረሻ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ የፊተኛው ጢም ብሎ፣ የኋለኛው ባዶውን። አዲስ አበባ አንበሳ የጠበቀ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ግማሽ ሰዓት ይጠፋና ሁለት ባንዴ ይመጣል። የሾፌሩ ስንፍና አይደለም። የመንገዱ ሥራ ነው።

«ታዲያ መብራቱን ለምን ሁልጊዜ ለአውቶቡሱ አይለቁለትም?» ትሉኝ ይሆናል። በከፊል ይለቁለታል። አውቶቡሱ ሲቃረብ መምጣቱን የሚለይ መሣሪያ፣ ዳሳሹ፣ ያውቀዋል፣ አረንጓዴው ጥቂት ሰከንድ ይረዝማል፣ ወይም ቀዩ ቀደም ብሎ ያልቃል። ግን ገደብ አለው። በየሁለት ደቂቃው ከሁለቱም አቅጣጫ አውቶቡስ ቢመጣ፣ በአማካይ በየደቂቃው አንዱ ያልፋል ማለት ነው። የሚያቋርጠው ጎዳና መቼ ይለቀቃል? በዚህ ምክንያት በመብራት ብቻ የሚሠራ መስመር አውቶቡሶቹን እንደልብ ማብዛት አይችልም። ዕድገቱ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የማምንበትን ልናገር። መብራቱን ማን ያግኝ የሚለው የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አውቶቡሱ ውስጥ 60 ሰው አለ። ከፊቱ በሚያቋርጠው ጎዳና ላይ ቀይ ይዟቸው የቆሙት አሥር መኪኖች ውስጥ ምናልባት አሥራ ሁለት ሰው አለ። የምንቆጥረው ሰው ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። የምንቆጥረው ቆርቆሮ ከሆነ ግን አውቶቡሱ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ብዙ ከተሞች ዛሬም የሚቆጥሩት ቆርቆሮውን ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በኅዳር 2016 የካውንቲው መራጮች ሜዠር ኤም የተባለውን የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ግብር አጸደቁ። ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ከ70 በመቶ በላይ አገኘ። ከሚሠራባቸው ሥራዎች አንዱ የዚህ መስመር ማሻሻያ ነበር። የመጀመሪያው ዕቅድ ሁለት ነገር ይዟል። በብዙዎቹ መስቀለኞች ላይ እንደ ባቡር የሚወርድ የማገጃ ክንድ ማቆም አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መኪና በሚበዛባቸው በሴፑልቬዳ እና በቫን ናይስ ጎዳናዎች ላይ አውቶቡሱን በማሳለጫ ድልድይ ማሳለፍ ነው።

የማገጃው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ረቂቅ ነው። ክንዱ አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ወርዶ መቆም አለበት። አውቶቡሱ በሩቁ ሲታይ ስሌቱ ይጀምራል። ፌርማታው ከመስቀለኛው በፊት ከሆነ ግን ስሌቱ ይበላሻል። አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ቆሟል፤ ሰው እየገባ ነው፤ መቼ እንደሚነሳ ማንም አያውቅም። አንድ እናት ጋሪ ይዛ እየሮጠች ትመጣለች፣ ሾፌሩም በሩን መልሶ ይከፍትላታል። ክንዱ ቀድሞ ከወረደ መኪኖች በከንቱ ይቆማሉ፣ ትዕግሥታቸው ያልቃል፣ አንዳንዱም ክንዱን ዞሮ ለማለፍ ይሞክራል። ክንዱ ካልወረደ አውቶቡሱ ይቆማል። ለዚህ ነው ፌርማታ ከመስቀለኛው ማዶ ቢሆን የሚመረጠው። መጀመሪያ መንገዱን ይሻገራል፣ ከዚያ ይቆማል። አዲስ መስመር የሚነድፍ ሰው ይህን በወረቀት ላይ እያለ ቢያስተካክለው ወጪው የእርሳስ ነው። ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ግን ጣቢያ ማፍረስ ይሆናል።

ወጪው አበጠ። ዕቅዱም ተከረከመ፣ ጊዜውም ተገፋ። የዋጋ ንረት አለ፣ ከመሬት በታች ያሉት ቧንቧና ገመዶች አሉ። በዚያ ላይ መስመሩ ተሳፋሪ እያመላለሰ ነው የሚሠራው። በ2005 ያልተከፈለው አሁን ጨምሮ እየተከፈለ ነው። ዕቅድ ሲከረከም ደግሞ መጀመሪያ የሚነሳው ውዱ ነገር ነው፤ እሱም ድልድዩ ነው። ምርጫው በእጄ ቢሆን ኖሮ ሌላ ብዙ ነገር ትቼ ቫን ናይስ ላይ የሚሠራውን እይዝ ነበር። በቫን ናይስ ጎዳና ላይ ሌላ ቀላል ባቡር ስለሚመጣ፣ ሰው ከአንዱ ወርዶ አንዱን የሚይዝበት ትልቁ መገናኛ የሚሆነው እዚያ ነው።

ባቡርን የከለከለው ያ የ1991 ሕግ በ2014 ተሽሯል። ዛሬ «መስመሩን ወደ ቀላል ባቡር እንለውጠው» የሚሉ ብዙ ናቸው። በሜዠር ኤም ዝርዝር ውስጥም አለ፤ ጊዜው ግን በ2050ዎቹ ነው። ልጆቻችን ያዩት ይሆናል። አሁን ግን ሥራ የሚሄደው ሰው የሚፈልገው የዛሬውን ደቂቃ ነው። ደግሞም መስቀለኛው ካልተስተካከለ ባቡሩም እዚያው ይቆማል።

በኤሌክትሪክ አውቶቡሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ መስመሩ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ይሠራል፤ 40 ናቸው። በመስመሩ ላይ ባሉ ፈጣን ቻርጀሮች እየተሞሉ ይሄዳሉ። ይህን እደግፋለሁ። ጭስ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ከመንገዱ ዳር የሚኖሩ ልጆች ንጹሕ አየር ያገኛሉ። ግን አንድም ደቂቃ አልቀነሰም። በናፍጣም ሆነ በባትሪ ቀይ መብራት ያው ቀይ ነው። ፎቶ የሚነሳው አውቶቡሱ ነው፤ ሪባን የሚቆረጠውም እሱ ፊት ነው። መስቀለኛ ፊት ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ስለ ፌርማታው ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሲሳፈር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መድረኩና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ካልሆኑ ሾፌሩ አውቶቡሱን ያስጎነብሳል፣ መወጣጫው ይዘረጋል፣ ሰውዬው ይገባል፣ ቦታ ይለቀቅለታል፣ ወንበሩ በቀበቶ ይታሰራል። ሁሉም ሰው እያየው ነው። ሰዓቱን የሚያይ አለ፤ የሚያጉረመርም አለ። እሱ ግን ሰው አዘገየሁ ብሎ አንገቱን ይደፋል። መድረኩ ከወለሉ ጋር እኩል ቢሠራ፣ ሾፌሩም ጠርዙ ድረስ አስጠግቶ ቢያቆም፣ እንደማንኛውም ሰው ገፋ አድርጎ ይገባል። ጋሪ የያዘችው እናትም፣ ዘንቢል የያዙት አሮጊትም እንዲሁ። የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት አንዱን ሰው ባለ መብት፣ ሌላውን ሸክም ታደርጋለች። በማሻሻያ ዕቅድ ውስጥ ይህ እንደ ትርፍ ነገር ሲቆጠር ስሰማ ያመኛል።

ከአህጉራችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። ዳር ኤስ ሳላም በ2016 የጀመረችው መስመር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተለየ መንገድ፣ እኩል መድረክ፣ ቀድሞ የሚቆረጥ ትኬት፤ አሠራሩ አፍሪካ ውስጥ ካሉት ከምርጦቹ ነው። ግን የአውቶቡሶቹ ማደሪያ ጃንግዋኒ የሚባል ረባዳ ቦታ ላይ ተሠራ። ዝናብ ሲጥል የምሲምባዚ ወንዝ ሞልቶ ይገባበታል። አውቶቡሶች ውሃ ውስጥ ተይዘዋል፣ አገልግሎቱም ተቋርጧል። ስታዩት መንገዱ ያማረ ነው፤ መስመሩ የተጎዳው ተሳፋሪ በማያየው ጓሮ ነው። ማደሪያ፣ ጋራዥ፣ መለዋወጫ፤ እነዚህም የመስመሩ አካል ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ቤተሰብ እዚያ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም በሙያችሁ ትረዳላችሁ። ከዊንጌት ጀሞ የታሰበው የቢአርቲ መስመር ዓመታት አስቆጥሯል። በ2015 የተከፈተው ቀላል ባቡር ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው። ባቡሩ ከመኪና ግጭት ይድን ዘንድ በብዙ ቦታ በአጥርና በድልድይ ተለየ። የሚሻገረው እግረኛ ግን ተጎዳ። ከመንገዱ ወዲያ ያለውን ሱቅ እያየ ብዙ ርቀት ዞሮ መሄድ ነበረበት። ሎስ አንጀለስ ክፍት ትታ ተቸገረች፤ አዲስ አበባ ዘግታ አስቸገረች። መሀሉን ማግኘት ይቻላል። ግን መስቀለኛውን አንድ በአንድ፣ በእግር ሄዶ፣ ማን ከየት ወዴት እንደሚሻገር ቆጥሮ ነው የሚገኘው። ከቢሮ ካርታ አይገኝም።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ጉልበት አለ፤ ሚኒባሱ። ሜክሲኮ ወይም መገናኛ በሥራ መግቢያ ሰዓት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ረዳቱ ይጣራል፣ ተራ አስከባሪው ያሰልፋል፣ ታክሲው ሞልቶ ይነሳል። አዲሱ መስመር እነዚህን ሰዎች ካላቀፈ ተቀናቃኝ ይሆኑበታል። ከየሰፈሩ ሰው አምጥተው የሚያራግፉበት ሰፊ፣ ጥላ ያለው ቦታ ከተሠራላቸው ግን መስመሩን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ይህንን ከንድፉ መጀመሪያ ማሰብ እንጂ መስመሩ ተከፍቶ ጠብ ከተነሳ በኋላ መሆን የለበትም።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እዚህ ሜትሮ የሕዝብ ስብሰባ ይጠራል፤ ቀደም ብሎ ለጠየቀ አስተርጓሚም ያቀርባል። ሂዱ። ዕቅድ ሲቀርብላችሁ በሥዕሉ አትወሰዱ። የእያንዳንዱን መስቀለኛ ሰንጠረዥ ጠይቁ። አውቶቡሱ ዛሬ እዚህ ቦታ ስንት ሰከንድ ይቆማል? ከማሻሻያው በኋላስ ስንት? ማገጃው ከዕቅዱ የወጣው በየትኞቹ ላይ ነው፣ ለምን? የተረፈው ደቂቃ ተጨማሪ አውቶቡስ ይሆናል ወይስ በጀት ተቀንሶበት ይጠፋል? ይህን የመጨረሻውን በጽሑፍ እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ።

እኔ የያዝኩትን ጨርሻለሁ። ከኋላ እጅ አያለሁ፤ ማይኩን ለእሳቸው አቀብሉልኝ።